በአዲስ አበባ ዙሪያ ለስደተኞች እንግሊዝኛ ማስተማር

ለስደተኛ የእንግሊዝኛ ትምህርት ማደራጀት ሜልቦርን ላይና ቡራዩ ላይ አንድ ሥራ አይደለም። ሜልቦርን ላይ እንግሊዝኛ የጎረቤቱም የአውቶቡስ ሾፌሩም ቋንቋ ስለሆነ ተማሪው ክፍል ውስጥ የሰማውን ከበር ሲወጣ ይለማመደዋል። በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታና በሆለታ ግን ጎመን የሚገዛው፣ የቤት ኪራይ የሚደራደረው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚፈለገው ለሌላ ጉዳይ ነው፦ ለከፍተኛ ትምህርት፣ ለማመልከቻ፣ በኢንተርኔት ለሚሠራ ሥራ፣ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ። በመሆኑም አስተባባሪው ስም ከመመዝገቡ በፊት አመልካቹ ለምን እንደመጣ መጠየቅ አለበት። ችግሩ ከአከራይና ከቀበሌ ጋር መግባባት የሆነን ሰው እንግሊዝኛ ክፍል ማስቀመጥ ጊዜውን መብላት ነው።

ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን አስጠልላለች። አብዛኞቹ የሚኖሩት በጋምቤላ፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በመሳሰሉት ክልሎች ባሉ መጠለያዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ኑሯቸውን የሚደግፍ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያላቸው ኤርትራውያን ከመጠለያ ውጭ እንዲኖሩ ተፈቀደ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ የሥራና የትምህርት መብትን አሰፋ። አዋጁ በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስደተኛውን ከዜጋ እኩል ያደርገዋል፤ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከፍተኛ ትምህርት እንዲሁም የጎልማሶችና መደበኛ ያልሆነ ትምህርት ግን የሚሰጡት አቅም በፈቀደ መጠን ነው። ለአዋቂ የሚሰጥ እንግሊዝኛ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሸክሙን በአብዛኛው የሚሸከሙት በጎ አድራጎት ድርጅቶችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት (ጄ.አር.ኤስ) እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በከፈተው ማዕከል ለከተማ ስደተኞች እንግሊዝኛ ሲያስተምር ቆይቷል።

ከዋና ከተማው ወጣ ሲባል የመጀመሪያው ፈተና መንገድ ነው። አራቱ ከተሞች በካርታ ላይ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። ቡራዩና ሆለታ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው፤ ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ የተለመደው አማራጭ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው። ስለዚህ አንድ ማዕከል ከፍቶ አራቱን ማሰባሰብ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያምር ዕቅድ ነው። የሚያስኬደው ክፍሉን መስመር ተከትሎ መክፈት ነው። አንድ መምህር ቡራዩ ላይ አስተምሮ በማግስቱ ሆለታ መድረስ ይችላል፤ ለሰበታና ለሱሉልታ ሌሎች መምህራን ያስፈልጋሉ። የትምህርት ቤት ክፍሎች በክረምት ባዶ ናቸው፤ ዝናቡና ጭቃው ግን ተማሪውን ያስቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ መለየት ነው። በአንድ ክፍል የሚገናኙት ሰዎች የተማሩበት መንገድ የተራራቀ ነው። ኤርትራዊው ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለተማረ ሰዋስው ያውቃል፤ የሚቸግረው መናገር ነው። ለደቡብ ሱዳናዊው እንግሊዝኛ የአገሩ የሥራ ቋንቋ ነው። የመናዊው ሲጽፍ ያደገው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ኮንጎአዊው ፈረንሳይኛ ይዞ ይመጣል። የጽሑፍ ፈተና ብቻ ከተሰጠ ኤርትራዊው ከፍ ብሎ ይመደብና አፉን ሳይፈታ ይመረቃል። አምስት ደቂቃ ፊት ለፊት ማነጋገር ከሁለት ገጽ ፈተና የተሻለ ይለያል።

የላቲን ፊደልም ቢሆን ለሁሉም አንድ አይደለም። «ኤክስ» የተባለችውን ፊደል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ «ጠ» ብሎ ያነባታል፤ ሶማሊው «ሐ» ይላታል፤ እንግሊዝኛው «ክስ» ነው። ሁለቱም ልጆች አልተሳሳቱም፤ መምህሩ ይህን ካላወቀ ግን ማንበብ የማይችሉ ይመስሉታል። ዐረብኛና ሶማሊኛ «ፐ» ስለሌላቸው ተናጋሪዎቻቸው «ፓርክ»ን «ባርክ» ይላሉ። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ በቃሉ መነሻ ሁለት ተነባቢ ሲገጥመው «እስፖርት» እንደሚለው «እ»ን ያስቀድማል። እንዲህ ያለውን ለይቶ የሚያውቅ የአካባቢ መምህር ከውጭ ለጥቂት ሳምንት ከሚመጣ ፈቃደኛ የበለጠ ይጠቅማል።

የትምህርቱ ይዘት ከተማሪው ወረቀት ቢጀምር ይሻላል። የተለመዱት መጻሕፍት የለንደን ባቡር ትኬት በመቁረጥና ሬስቶራንት ውስጥ በማዘዝ ይጀምራሉ፤ ቡራዩ ላይ ያለ ስደተኛ ግን አስቀድሞ የሚገጥመው ቅጽ ነው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሶማሊያ ልማድ ከሰው ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባትና የአያት ስም ስለሆነ ባል፣ ሚስትና ልጅ በመጨረሻው ሳጥን የሚሞሉት የተለያየ ስም ነው፤ ልማዱን የማያውቅ መርማሪ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ይጠራጠራል። «መሐመድ» በስደተኛ መታወቂያው ላይ በአንድ «ኤም»፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ በሁለት ተጽፎ ይገኛል። የልደት ቀን አንዱ ሰነድ ላይ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሆናል፤ ቀኑን የማያውቅ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። ሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ መጠበቅ ለመጀመሪያ ሳምንት በቂ ትምህርት ነው።

ከክፍል የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ስንፍና አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመረችው የስደተኞች እንግሊዝኛ ፕሮግራም ትምህርቱን በነፃ ከመስጠት አልፎ የተማሪዎችን ሕፃናት ይጠብቃል። በዙሪያው ከተሞችም እናቶች ልጅ የሚያስቀምጡበት ካጡ ይቀራሉ፤ ጎን ያለ ክፍልና የምትጠብቅ አንዲት ሴት ከተጨማሪ መጻሕፍት ይልቅ ወንበር ይሞላሉ። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ የዓርብ ጸሎት፣ የእሑድ ቅዳሴና የገበያ ቀን ታይቶ ካልተመደበ መዝገቡ ላይ ብዙ ስም፣ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ሰው ይገኛል።

ስለ ሦስተኛ አገር ተስፋ በግልጽ መናገርም የአስተባባሪው ድርሻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለሰፈራ ሰው የሚያጨው በሚያስፈልገው ጥበቃ እንጂ በእንግሊዝኛ ችሎታው አይደለም፤ አገልግሎቱም ክፍያ የለውም። «ሰርተፊኬት ካለህ ቶሎ ትሄዳለህ» የሚል ሁሉ እያታለለ ነው። አሜሪካ በጃንዋሪ 2025 ስደተኛ መቀበሏን ስታቆም ለዓመታት ሲጠባበቁ የነበሩ ሰዎች ጉዳይ ባለበት ቆሟል። በአንጻሩ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እንግሊዝኛ እዚሁ አገር ውስጥ ግዴታ ነው፤ የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጀርመን ድጋፍ የሚሰጠውን ዳፊ የተባለ የስደተኞች የትምህርት ዕድል ለሚያስብ ወጣት ጥሩ ጽሑፍ መጻፍ መቻል ተጨባጭ ጥቅም አለው።

ተማሪው ነገ የት እንደሚሆን አይታወቅም፤ ኪራይ ሲጨምር ከቡራዩ ወደ ሰበታ ሊሄድ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ሊበር ይችላል። የዓመት ኮርስ ለእንዲህ ያለ ሰው አይሆንም። ሁለት ወር ገደማ የሚፈጅ፣ በራሱ የሚያልቅ አጭር ዙር ይሻላል። በየዙሩ መጨረሻ ተማሪው ምን መናገር፣ ማንበብና መጻፍ እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ገጽ ለራሱ ይሰጠዋል፤ ሰበታ ያለው መምህር ያንን ገጽ አይቶ ከቆመበት ያስቀጥለዋል።