ኮሙኒኬሽን ለምትማሩ፦ ሁለተኛ ዘርፋችሁን በምን መዝናችሁ ትመርጣላችሁ?

በአምቦም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ኮሙኒኬሽን ወይም ጋዜጠኝነት የምትማሩ ከሆነ ከዘመድ አንድ ጥያቄ አይቀርላችሁም፦ «ተመርቀህ ምንድን ነው የምትሠራው?» የሕክምና ተማሪ ይህን ብዙም አይጠየቅም። ጥያቄው ቢያሰለችም እውነት አለው። ኮሙኒኬሽን አንድን ነገር ለሰው እንዴት ማድረስ እንደሚቻል ያስተምራል፤ የሚደርሰው ነገር ግን ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ማይነር፣ ማለትም ከዋናው ትምህርት ጎን የሚወሰድ ሁለተኛ ዘርፍ፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? የተለመደው ምክር «ገበያ ያለውን ምረጡ» የሚል ነው። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ግን ስትመረቁ ገበያው ምን እንደሚመስል ማንም በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አለ፦ ሰው የነገራችሁን ነገር ራሳችሁ ማጣራት እንድትችሉ የሚያደርጋችሁ የትኛው ዘርፍ ነው?

አንድ ትል፣ ሁለት መልእክት

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ በቆሎ አብቃይ አካባቢዎችን አዳረሰ። ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባኮ ደግሞ የበቆሎ አገር ናት፤ የታወቀ የበቆሎ ምርምር ማዕከልም አላት።

እስቲ አስቡት፦ በወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ተቀጥራችኋል፤ «ስለ ተምቹ ለገበሬው መልእክት አዘጋጁ» ተባላችሁ። ስለ ሰብል ምንም የማያውቅ ባለሙያ «አርሶ አደሮች በወቅቱ መድኃኒት እንዲረጩ ጥሪ ቀረበ» ብሎ ይጽፋል። አጻጻፉ ልክ ነው፤ መልእክቱ ግን ባዶ ነው። «በወቅቱ» ማለት መቼ ነው?

ስለ ሰብል ጥበቃ ትንሽ የተማረ ሰው መልሱን ያውቃል። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ የቅጠሉን ገጽ እየፋቀ ይበላል። ሲያድግ መሐል ላይ ተጠቅልለው በሚወጡት ቅጠሎች ውስጥ ይገባና በላዩ ላይ በቆሻሻው ይደፍነዋል፤ ያኔ ርጭቱ አያገኘውም። በቀን ሙቀትም ስለሚደበቅ ለርጭት ማለዳ ወይም አመሻሽ ይመረጣል። ስለዚህ ይህ ሰው «ማሳችሁን ቶሎ ቶሎ እዩ፤ እንቁላሉንና ትንንሹን ትል በእጅ ጨፍልቁ፤ መርጨት ካስፈለገም ትሉ ሳያድግ፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን» ብሎ ይጽፋል። በሁለቱ መልእክቶች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ገበሬ የመድኃኒት ብር ነው፤ አንዳንዴም የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ።

በአካባቢያችሁ ያለው ምርጫ

ግብርና። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1939 ዓ.ም. የተጀመረው በግብርና ትምህርት ቤትነት ነው። አምቦ ላይ በዕፅዋት ጥበቃ፣ ሆለታ ላይ በድንችና በወተት ከብት፣ ባኮ ላይ በበቆሎ የሚሠሩ የምርምር ማዕከላት አሉ። ይህን ያህል የምታናግሩት ባለሙያ በቅርብ ማግኘት ቀላል ዕድል አይደለም።

አፋን ኦሮሞ። «አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ ምን ብዬ እማረዋለሁ?» የሚል አይጠፋም። ቤት ውስጥ መናገርና በቁቤ ለሕዝብ መጻፍ ግን ለየቅል ናቸው። አናባቢዎቹ አጭር ሲሆኑ «መሬት» ማለት የሆነው ቃል፣ ሲረዝሙ «ለስላሳ» ይሆናል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ፣ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚሠራ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ በየቀኑ የሚጽፍበት ነው።

ስታቲስቲክስ ወይም ኢኮኖሚክስ። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት በመቶኛ የተሞላ ነው። በሄክታር 20 ኩንታል የነበረ ምርት 30 ሲደርስ «በ50 በመቶ ጨመረ» ይባላል። በቀጣዩ ዓመት በ50 በመቶ ቢቀንስ ግን ወደ 20 አይመለስም፤ 15 ይሆናል። ቁጥሩ ሲነገራችሁ «ከምን ተነስቶ?» ብላችሁ የመጠየቅ ልማድ ብቻውን ከብዙ ስሕተት ያድናችኋል።

ሕግ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ 1185/2012፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የእናንተን ሥራ በቀጥታ ይነካሉ። ለምሳሌ የሆስፒታል ሕዝብ ግንኙነት ብትሆኑ፣ የታካሚ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት የምታነቡት ሦስተኛውን ነው። ሕግና ብዕር ደግሞ አይጣሉም፤ አምቦ አካባቢ ቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ሕግ ተምረዋል።

ኮምፒውተር። እዚህ ላይ ለዩ። ቪዲዮ ማቀናበርና ፖስተር መሥራት በአጭር ሥልጠናና በልምምድ ይገኛል፤ ማይነራችሁን አታባክኑበት። ዳታ መሰብሰብና መተንተን ግን መምህርና ጊዜ ይፈልጋል።

ከመወሰናችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ

አንደኛ፣ በዚህ ዘርፍ የማናግረው ሰውና ሄጄ የማየው ቦታ በቅርቤ አለ? ሁለተኛ፣ ከተመረቅኩ በኋላ ብቻዬን ልማረው የምችለው ነገር ነው? ከሆነ ኮርሱን ለሌላ ተጠቀሙበት። ሦስተኛ፣ ፈተና ባይኖረውም አነበዋለሁ ወይ? ካላነበባችሁት ውጤታችሁን ይጎትታል እንጂ አይጠቅማችሁም።

ሦስቱም ጥያቄዎች አንድ ዘርፍ ላይ ከተገናኙ ብዙ አታመንቱ። ካልተገናኙ ሦስተኛውን አስቀድሙ፤ የማትወዱትን ዘርፍ በቅርብ መገኘቱ ብቻ አያስተምራችሁም።

ካሪኩለሙ ማይነር ባይኖረውስ?

በአገራችን የብዙ ፕሮግራሞች ኮርስ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። ይህ ማለት ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የዲፓርትመንታችሁን ካሪኩለም ጠይቃችሁ ራሳችሁ አንብቡ፤ ተመራጭ ኮርስ የሚል ቦታ ካለ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ውሰዱ። አንድ ከኢኮኖሚክስ፣ አንድ ከሶሺዮሎጂ መቃረም ሁለተኛ ዘርፍ አይሆንም።

ተመራጭ ኮርስ ከሌለ ደግሞ ሁለት መሣሪያ በእጃችሁ አለ። አንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፦ ርዕሱን ከመረጣችሁት ዘርፍ አውጡ፤ ከዚያ ዘርፍም አንድ መምህር እንዲያማክራችሁ ለምኑ። ሌላው የተግባር ልምምድ ነው፦ ሁሉም ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ሲሮጥ፣ እናንተ የምርምር ማዕከል፣ ሆስፒታል ወይም ፍርድ ቤት ጠይቁ።

ፍንጭ ከፈለጋችሁም የመጀመሪያ ዓመታችሁን አስታውሱ። የጋራ ኮርሶቹ ውስጥ ኢኮኖሚክስ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ጂኦግራፊና ሎጂክ ነበሩ። ሳትገደዱ ያነበባችሁት የትኛውን ነበር?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ፈተናው የሚመዝነው ዋናውን ዘርፋችሁን ነው። ሁለተኛው ዘርፍ ዋናውን እንዲበላባችሁ አትፍቀዱ።

ለምርጫው የምዝገባ ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቁ። የወደዳችሁትን ዲፓርትመንት አንድ መምህር አስፈቅዳችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ገብታችሁ አዳምጡ። ስትወጡ ልትጠይቁት የፈለጋችሁት ነገር ካለ፣ ዘርፋችሁን ወደ ማግኘት ተቃርባችኋል።