ሰው ድንበር ይሻገራል፤ የሕክምና መረጃውስ?



የሕክምና ተማሪዎች ሆነን ሳለ ስለ ኮምፒዩተር መጻፋችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩን ያገኘነው ከበሽተኛ አልጋ ዳር ነው። ባለፈው ዓመት የተግባር ትምህርት በምንከታተልበት ሐኪም ቤት አንዲት በቤት ሠራተኝነት የምትተዳደር እኅታችን ሕመም ጠንቶባት መጣች። ከዚያ በፊት በሁለት ክሊኒኮች ታይታ ነበር። ሦስቱም ቤቶች ኮምፒዩተር አላቸው፤ ሦስቱም ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ ናቸው። ሆኖም በአንደኛው ዘንድ የአባቷ ስም፣ በሁለተኛው ዘንድ የአያቷ ስም፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ የራሷ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ በመዝገብ ላይ እርሷ ሦስት የማይተዋወቁ ሴቶች ነበረች። ደሟ እንደገና ተቀዳ፤ ክፍያውም እንደገና ተጠየቀ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን በመጀመሪያው ክሊኒክ ቀረ። በምታውቀው ጥቂት ዐረብኛ ራሷ ባትናገር ኖሮ ያንኑ መድኃኒት ልንሰጣት ተዘጋጅተን ነበር።

ኮምፒዩተሮቹ ተገናኝተው ሳለ ለምን አልተግባቡም? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ማብራራት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው። ይህን ማለት ለምን እንዳስፈለገን ኋላ ይታያል።

ሀ. ለዓይን የተጻፈና ለኮምፒዩተር የተጻፈ

ቲም በርነርስ ሊ የድረ ገጽን ሐሳብ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሴርን የምርምር ተቋም በ1989 አቀረበ። ተቋሙም በ1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ይሁን እንጂ ተራ ድረ ገጽ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ጽሑፉ እንዴት እንደሚታይ ነው፤ ይህ ርዕስ ነው፣ ያ ሰንጠረዥ ነው ይለዋል። በሰንጠረዡ ውስጥ ያለው ቁጥር የምን እንደሆነ ግን አይነግረውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በውጤት ወረቀት ላይ «ስኳር 7» ተብሎ ቢጻፍ ሐኪሙ ከልምዱ ይረዳዋል። ኮምፒዩተር ግን ልምድ የለውም። በጾም በተቀዳ ደም 7 ሚሊሞል በሊትር የስኳር በሽታ የሚጀምርበት ወሰን ነው። ይኸው መጠን በሌላው መለኪያ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይባላል። መለኪያው ጠፍቶ 7 ሚሊግራም ተብሎ ቢነበብ ግን ለሞት የሚያሰጋ የስኳር ማነስ ይሆናል። ቁጥሩ በትክክል ተላከ፤ ትርጉሙ ግን በመንገድ ቀረ ማለት ነው።

ለ. የጋራው ደንብ

አሥር ሐኪም ቤቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢስማሙ 45 የተለያዩ ስምምነቶች ያስፈልጋሉ። ሁሉም አንድ የጋራ ደንብ ቢከተሉ ግን እያንዳንዱ የሚማረው አንዱን ብቻ ነው። የጋራ ደንብ፣ ማለትም ስታንዳርድ፣ ጥቅሙ ይህ ነው።

ለሕክምና ኮምፒዩተሮች እንዲህ ያለ ደንብ የሚያወጣው ኤች ኤል ሰባት የተባለው ድርጅት በ1987 በአሜሪካ ተቋቋመ። በ2011 ደግሞ አውስትራልያዊው ግራሃም ግሪቭ ዛሬ ፋየር የሚባለውን ደንብ አመነጨ። ሐሳቡ አዲስ መንገድ ከመጥረግ ይልቅ በተጠረገው የድረ ገጽ መንገድ መሄድ ነው። እያንዳንዱ ነገር፣ ማለትም በሽተኛው፣ የምርመራው ውጤት፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ የየራሱ የድረ ገጽ አድራሻ ይኖረዋል። ጠያቂው ኮምፒዩተር አድራሻውን ሲጠራ የሚመጣለት ለዓይን ያማረ ገጽ ሳይሆን በየስሙ የተለየ መረጃ ነው፦ ምን ተለካ? ስንት ሆነ? በምን መለኪያ? የማን ነው? መቼ?

«ምን ተለካ?» ለሚለው ሎይንክ የተባለ ሌላ መዝገብ አለ፤ ሥራው የተጀመረው በ1994 በአሜሪካ ኢንዲያና ነው። በዚህ መዝገብ 2345-7 ማለት በሴረም ወይም በፕላዝማ ያለ ግሉኮስ በክብደት ሲለካ ነው፤ በሞል ሲለካ ደግሞ 14749-6 ይሆናል። ላኪው በዐረብኛ፣ ተቀባዩ በአማርኛ ቢጽፍም ቁጥሩ አይለወጥም።

ሐ. ስማችንና ዘመናችን

ይህ ሁሉ ለሌላው እንደሚመች ለእኛም በራሱ ይመቻል ማለት አይደለም። በፋየር የስም ክፍል ውስጥ ለቤተሰብ ስም፣ ለተሰጠ ስምና ለሙሉ ስም ቦታ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ደንቡ የቤተሰብ ስም የግድ ይሞላ አይልም፤ ሙሉ ስምን እንዳለ ማስገባትም ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ፕሮግራም ሠሪው ያንን ቦታ ግዴታ ሲያደርገውና መዝጋቢው የመሰለውን ሲሞላበት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ የባሰ ነው። ደንቡ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። ጥር 12 ቀን 2013 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2021 ተወለደ ይባላል። የክትባት ካርዱ «12/5/2013» ቢልና መዝጋቢው ሜይ 12 ብሎ ቢያነበው ግን ሕፃኑ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል በአንድ ጊዜ ያረጃል፤ ክትባቱም ያለፈበት ይመስላል። እንግዲህ ከላይ «እ.ኤ.አ.» ያልነው በከንቱ አይደለም።

መ. ክፍት ማለት የተራቆተ ማለት አይደለም

ክፍት የሚባለው ደንቡ ነው፤ ማንም ያለ ክፍያ አንብቦ ሊሠራበት ይችላል። የበሽተኛው ምስጢር ግን ክፍት አይደለም። መረጃው የሚሰጠው ፈቃድ ላለው ብቻ ሲሆን ለፈቃዱም ራሱን የቻለ ደንብ አለ። የቤት ሠራተኛዋ የምርመራ ውጤት ለሚያክማት ሐኪም መድረስ አለበት፤ ለአሠሪዋ ግን ያለ ፈቃዷ መድረስ የለበትም። መተላለፉን ብቻ አይቶ ይህን የዘነጋ አሠራር ከጠፋው ወረቀት የከፋ ነው።

ምን እናድርግ?

በአገራችን የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በተመሠረተው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 በተባለ ክፍት ፕሮግራም ይሰበስባል፤ ፕሮግራሙም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ይህ የሚያሳየው ከተጠየቀና ከተሠራበት ለእኛም የሚሆን ቦታ እንደሚገኝ ነው። ፋየርም እያንዳንዱ አገር የራሱን መመሪያ እንዲያወጣለት ይፈቅዳል። ኮምፒዩተር የምታጠኑ እኅቶችና ወንድሞች፣ የኢትዮጵያ ስምና ቀን እንዴት እንደሚመዘገብ የሚያስረዳ መመሪያ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርዕስ ነው፤ እኛም ከሕክምናው ወገን አብረናችሁ እንሠራለን።

ሌሎቻችን ደግሞ እስከዚያው ድረስ ሦስት ነገር እናድርግ። ስማችንን በየሐኪም ቤቱ በፓስፖርታችን ላይ እንዳለው አንድ ዓይነት እናስመዝግብ። በቀን ሁሉ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለን እንጻፍ። የምርመራ ውጤት ስንቀበል መለኪያው መጻፉን እንይ። ለምናውቃቸው ሠራተኛ እኅቶቻችንም ይህንኑ እንንገራቸው፤ የማይስማማቸውንም መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፈን በፓስፖርታቸው ውስጥ እናኑርላቸው።