«ውሮስ ለማን ተፈረደች?»

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በጥብቅና ሥራ ላይ ሳለሁ፣ የአንድ ባልና ሚስት የፍቺ ጉዳይ ይዤ ነበር። እኔ የባልየው ጠበቃ ነበርኩ። ጉዳዩ ከብዙ ቀጠሮ በኋላ እልባት አገኘ። ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡን እኩል እንዲካፈሉ፣ መኪናው ለባል፣ የቤት ዕቃው ለሚስት እንዲሆን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ አባትየው በየወሩ ቀለብ እየከፈለ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ እሑድ እንዲጎበኛት ተወሰነ። በጠበቃ ዓይን ሲታይ እንከን የማይወጣለት ውሳኔ ነበር።

ከችሎት ስንወጣ ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ጋሼ፣ ውሮስ ለማን ተፈረደች?» አለችኝ።

ውሮ ድመታቸው ናት። በአንድ ክረምት ልጅቷ ከአጥር ሥር አንስታ፣ ወተት እያጠጣች ያሳደገቻት ባለቤት የሌላት ድመት ነበረች። ለፍርድ ቤቱ ባቀረብነው የንብረት ዝርዝር ውስጥ ማቀዝቀዣውም ምንጣፉም ሲጻፍ እሷ አልተጻፈችም። እኔም ሳቅ ብዬ፣ «ድመት ደግሞ ምን ፍርድ አላት!» አልኳትና መዝገቤን ይዤ ወደ ሌላ ቀጠሮ ሄድኩ። የዚያች ልጅ ጥያቄ ምን ማለት እንደነበር የገባኝ ግን በጣም ዘግይቶ ነው። ያስረዱኝም የሕግ መጻሕፍት ሳይሆኑ ለልጆች የተጻፉ ልቦለዶች ናቸው። ለዛሬ ስለነዚህ መጻሕፍት ላጫውታችሁ።

ከጀርመን የመጣ ታሪክ

ስለ ፍቺ ለልጆች ከተጻፉ ልቦለዶች ሁሉ ስመ ጥሩ የጀርመናዊው ኤሪክ ኬስትነር «ዳስ ዶፕልተ ሎትሸን» ነው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1949 ሲሆን፣ ሐሳቡ ግን የተጠነሰሰው በጦርነቱ ዘመን፣ በ1942፣ ለፊልም ታስቦ ነበር። ኬስትነር በናዚዎች የተጠላ ጸሐፊ ነበር። በ1933 በርሊን ውስጥ መጻሕፍት በአደባባይ ሲቃጠሉ የእሱም ከእሳቱ ውስጥ ነበሩ፤ እሱም በቦታው ቆሞ ተመልክቷል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሉይዘ ከቪየና፣ ሎተ ከሙኒክ ለዕረፍት ወደ አንድ የልጆች ሰፈር ይመጣሉ። ሲተያዩ ቁርጥ አንድ ናቸው። ቀስ በቀስ መንትያ እህትማማቾች መሆናቸውን ይደርሱበታል። ወላጆቻቸው ሲፋቱ ልክ እንደ ንብረት አንዷን ለአባት፣ አንዷን ለእናት ተካፍለው፣ እህት እንዳላቸው እንኳ ሳይነግሯቸው አሳድገዋቸዋል። ልጆቹ ተማክረው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሎተ ወደ አባቷ፣ ሉይዘ ወደ እናቷ ትሄዳለች። በዚህ መሐል የሙዚቃ ሰው የሆነው አባታቸው ሌላ ሴት ሊያገባ መሆኑ ይሰማል፤ የእንጀራ እናት ጉዳይ ይመጣል። ሎተ በጭንቀት ታማ ትወድቃለች። በመጨረሻም ወላጆቹ ታርቀው እንደገና ይጋባሉ። ይህ ታሪክ ለብዙ ፊልሞች መነሻ ሆኗል። በዲዝኒ ኩባንያ «ዘ ፓረንት ትራፕ» በሚል በ1961፣ ከዚያም በ1998 እንደገና የተሠራውን ፊልም ከአንባቢዎቼ ያየው እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

እኔን ከሁሉም ይበልጥ የሳበኝ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ሎተ ሉይዘን መስላ ቪየና ስትገባ አባቷ አላወቃትም፤ የቤት ሠራተኛዋም ለውጡ ቢያስገርማትም አልጠረጠረችም። «ይህቺ ሌላ ናት» ብሎ የሸሻት የአባቷ ወዳጅ የሆነው ሐኪም ውሻ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ያላዩትን እንስሳው አሸተተ።

ኬስትነር በዚያ ዘመን ስለ ፍቺ ለልጆች መጻፉ ያስወቅሰው እንደሆነ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን መሐል ላይ አቁሞ ለወቀሳው መልስ ይሰጣል። ጭብጡን በራሴ አነጋገር ባስቀምጠው፣ ወላጆቻቸው በመፋታታቸው የሚሠቃዩ ብዙ ልጆች አሉ፤ ወላጆቻቸው ባለመፋታታቸው የሚሠቃዩም ብዙ ናቸው፤ ሥቃዩን ከጫንባቸው በኋላ ስለ ሥቃዩ በሚገባቸው ቋንቋ አለማውራት ከሐዘኔታ ሳይሆን ከጥፋት ይቆጠራል ነው የሚለው። ከሰባ ዓመታት በፊት የተነገረ ቢሆንም ለእኛ ሳሎን ዛሬም አዲስ ነው።

ዕርቅ የሌለበት መጨረሻ

ይሁን እንጂ የኬስትነር መጽሐፍ አንድ ችግር አለበት። ወላጆቹ ታረቁ፣ የእንጀራ እናት ልትሆን የነበረችውም ተባረረች። በእውነተኛው ዓለም ግን አብዛኛው የተፋታ አይመለስም። መጽሐፉን ያነበበ ልጅ «እኔም በርትቼ ብሞክር ኖሮ ይታረቁ ነበር» ብሎ ራሱን ሊወቅስ ይችላል። ሌሎች ደራስያን የመጡት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አሜሪካዊቷ ቤቨርሊ ክሊሪ በ1983 (እ.ኤ.አ.) «ዲር ሚስተር ሄንሾው»ን አሳተመች። ሐሳቡን ያገኘችው እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ልጆች ወላጆቹ ስለተፋቱበት ልጅ እንድትጽፍ በመጠየቃቸው ነው። መጽሐፉ በ1984 በአሜሪካ ለልጆች ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሜዳልያ አገኘ። ሊ ቦትስ የተባለው ልጅ ከእናቱ ጋር ይኖራል። አባቱ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። «እደውላለሁ» ይላል፤ አይደውልም። ውሻው ባንዲት ከአባቱ ጋር በመኪና ሲዞር በበረዶ ወጀብ ይጠፋል። አንድ ቀን ልጁ ራሱ ሲደውል ከአባቱ ዘንድ የሌላ ልጅ ድምፅ ይሰማል። ያቺን ገጽ ያነበበ አባት ስልኩን ሳያነሳ ይቀራል ብዬ አላምንም። በመጨረሻ አባት ውሻውን አግኝቶ ይመጣል፤ ዕርቅ ግን የለም። ልጁም ውሻውን ለአባቱ ይተውለታል፤ በመንገድ ብቻውን እንዳይሆን ብሎ።

ክሊሪ በ1991 በጻፈችው ተከታይ መጽሐፍ ደግሞ ሊና ጓደኛው በባሕር ዳርቻ የተጣለ ውሻ ያገኛሉ። ማን ይውሰደው? ልጆቹ የተስማሙበት መፍትሔ ከትልልቆች ፍርድ ቤት የተቀዳ ነው፤ ውሻውን በጋራ ሊያሳድጉት ይስማማሉ። የተፋቱ ወላጆች ልጆች ለተጣለ ውሻ የአሳዳጊነት ውል ሲዋዋሉ ማየት ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

እንግሊዛዊቷ ጃክሊን ዊልሰን በ1992 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችው «ዘ ሱትኬስ ኪድ» ወደ እንጀራ ቤተሰብ ጓዳ ያስገባናል። የአሥር ዓመቷ አንድሪያ አንድ ሳምንት ከእናቷ፣ አንድ ሳምንት ከአባቷ ጋር ሻንጣዋን እየጎተተች ትኖራለች። በእናቷ ቤት የእንጀራ አባትና ሦስት ልጆቹ፣ በአባቷ ቤት የእንጀራ እናትና መንትያ ልጆቿ አሉ። በሁለቱም ቤት አልጋ አላት፤ በሁለቱም ቤት እንግዳ ናት። ገና ከመነሻው አማካሪዋ ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ስትጠይቃት ልጅቷ የምትመርጠው እናቷንም አባቷንም ለይታ ሳይሆን ሦስቱ አብረው የነበሩበትን የድሮውን ቤት ነው። ያ ደግሞ ተሸጧል። ሁሉን ነገር የምትነግረው በኪሷ ለያዘቻት ትንሽ የአሻንጉሊት ጥንቸል ነው። በዚህ መጽሐፍ ክፉ የእንጀራ እናት የለችም። ጠላት የመሰለቻት የእንጀራ እህቷ እንኳ የራሷ ፍርሃት እንዳላት አንድሪያ ቀስ በቀስ ትረዳለች።

የእኛ ተረት የእንጀራ እናትን የሚያውቃት በክፋቷ ብቻ ነው። ተረቱን ሰምቶ ያደገ ልጅ አባቱ ሌላ ሴት ሲያገባ ገና ሳያያት ይፈራታል፤ እሷም ገና ሳትገባ ተፈርዶባታል። አዲሷ ሚስት ልጁን ስትቆጣው «የእንጀራ እናት ስለሆነች ነው»፣ ስታባብለው ደግሞ «ለይምሰል ነው» ይባላል። እነዚህ ልቦለዶች የሚያስተምሩት ሌላ ነገር ነው። በእንጀራ ቤተሰብ ውስጥ አብዛኛው ጠብ ከክፋት የሚነሣ ሳይሆን ከቦታ ጥበት የሚነሣ ነው። ማን የት ይተኛል? ማን ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል? ማንስ ማንን «አባዬ» ብሎ ይጠራል?

ሕጉ የት ድረስ ይሄዳል?

በሙያዬ ወደማውቀው ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 681 የልጆች ጥቅም እንዲታይ አዝዞ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመት ከእናታቸው ጋር እንዲሆኑ ይደነግግ ነበር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 113 ላይ ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን ስለ ልጆቹ አኗኗር፣ ትምህርት፣ ጤናና ቀለብ፣ እንዲሁም ወላጅና ልጅ ስለሚገናኙበት ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ሲወስንም የባልና ሚስቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲመለከት ይላል።

የእንጀራ ልጅም ቢሆን በሕጉ ዓይን ባዕድ አይደለም። የጋብቻ ዘመድ ነው። የቀለብ ግዴታ በቀጥታ የሚወርድ የጋብቻ ዝምድናንም ይጨምራል።

ልብ በሉ፤ ይኸው ሕግ ስለ ጉዲፈቻ ሲናገር ፍርድ ቤቱ ውሉን ከማጽደቁ በፊት የልጁን አስተያየት እንዲመለከት በግልጽ ያዝዛል። ስለ ፍቺ በሚናገረው በአንቀጽ 113 ላይ ግን «የልጁን አስተያየት» የሚል ቃል የለም። ይህ ማለት ግን ልጁን መስማት ክልክል ነው ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ የመሰማት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ የሥጋ አባት መሆን ብቻውን ልጅን ካሳደገ ዘመድ እጅ ለመውሰድ እንደማይበቃና የሚቀድመው የልጁ ጥቅም መሆኑን አጽንቷል። መንገዱ አለ፤ የጎደለው የሚሄድበት ነው።

ድመቷስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1129 በራሱ የሚንቀሳቀስን ወይም ሰው የሚያንቀሳቅሰውን ግዙፍ ነገር ተንቀሳቃሽ ንብረት ይለዋል። ስለዚህ ውሮ በሕግ ዓይን ከማቀዝቀዣው ጋር አንድ ነበረች። የልጅቷ ጥያቄ ግን የንብረት ጥያቄ አልነበረም። ከጎዳና ተነሥታ ቤት ያገኘች ድመት፣ ቤቱ ሲሸጥ ወዴት ትሄዳለች? ልጅቷ ስለራሷ በቀጥታ ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ በድመቷ በኩል ጠየቀች። በመጻሕፍቱ ውስጥም ውሻውና አሻንጉሊቷ ጥንቸል የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው። ልጅ እናቱን «ለምን ተለያችሁ?» ብሎ ካስቀየማት፣ አባቱን «ሌላዋን ከእኔ ትወዳለህ?» ብሎ ካሳፈረው ስለሚፈራ፣ ጥያቄውን የማይቆጣና የማያለቅስ ፍጡር ላይ ይጭነዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ብሂል አለን። በፍቺ ቤት ውስጥ ይህ ብሂል ብዙ ጎድቷል። ልጅ ይወስን እያልኩ አይደለም። «እናትህን ነው አባትህን የምትመርጠው?» ብሎ ማስጨነቅ መስማት ሳይሆን ማሠቃየት ነው። መስማት ማለት «ምን ያስፈራሃል? ምን ነገርህ እንዳይቀር ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ለዳኞችና ለጠበቆች የምለው፣ ሕጉ ዝም ባለበት ኮንቬንሽኑንና ሕገ መንግሥቱን ይዛችሁ ልጁን ለአሥር ደቂቃ አነጋግሩት። ለሚፋቱ ወላጆች የምለው፣ ከንብረት ዝርዝራችሁ ጎን ልጃችሁ የሚወዳቸውን ነገሮች፣ ሰፈሩን፣ ጓደኛውን፣ ድመቱን ጭምር ጻፉ። ለደራስያንና ለአሳታሚዎች የምለው ደግሞ፣ በአማርኛ ለልጆች ከምናቀርበው ተረትና ምክር ጎን ወላጆቹ የተፋቱበት የሰፈራችን ልጅ ራሱን የሚያይበት መጽሐፍ ያስፈልገናል። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቦርሳውን ይዞ አባቱን የሚጠብቅ፣ እናቱ ከዓረብ አገር የምትደውልለት፣ ከእንጀራ ወንድሙ ጋር አንድ አልጋ የሚጋራ ልጅ በየሰፈሩ አለ፤ ታሪኩ ግን በመጽሐፍ አልተነገረለትም።

ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች። የት እንዳለች አላውቅም። ድመቷ ወዴት እንደሄደችም አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ የነበረብኝ ያን ዕለት ነበር። ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ባገኛት «ድመት ደግሞ ምን ፍርድ አላት!» አልላትም። አጠገቧ ተቀምጬ፣ «አንቺስ ለማን እንድትሆን ትፈልጊያለሽ?» እላት ነበር። መልሷን ሰምቼም ወደ ችሎቱ እመለስ ነበር።