የአውራ በግ የደም ምርመራ የሚታመነው ኢንዛይሙ በደህና ሲቀመጥ ነው

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋዎች ለእርባታ የሚሆን አውራ በግ ሲመረጥ ቁመናው፣ ላቱና ጸጉሩ ይታያል፤ የእናቱም ወተትና የወለደቻቸው ግልገሎች ብዛት ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከውጭ ሲታይ አንዳች ነገር የሌለበት አውራ በደሙ ውስጥ በሽታ ተሸክሞ ወደ መንጋ ሊገባ ይችላል። ይህን ለይቶ የሚያወጣው የላቦራቶሪ ምርመራ ሲሆን፣ ምርመራው የቆመው ደግሞ ሙቀትም ውርጭም በሚያበላሸው ኢንዛይም በሚባል ነገር ላይ ነው። ኢንዛይሙ ኃይሉን ካጣ ላቦራቶሪው በሽተኛውን በግ “ነፃ ነው” ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

ጉዳዩ ለአካባቢው ገበሬ እንግዳ አይደለም። የመንዝን በግ ሥጋና ጸጉር ለማሻሻል አዋሲ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከእስራኤል እየገባ፣ በደብረ ብርሃንና በመንዝ ውስጥ በሚገኘው በአመድ ጉያ የበግ ማራቢያዎች ከመንዝ በግ ጋር እንዲዳቀል ተደርጓል። ዲቃላ አውራዎችም ለገበሬዎች ይከፋፈሉ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን በማራቢያዎቹ በጎች ውስጥ ሜዲ ቪዝና የተባለው በሽታ መኖሩ በምርመራ ታወቀና የአውራዎቹ ሥርጭት ተቋረጠ። ዲቃላ አውራ ለመቀበል ተስፋ ያደረገ ገበሬ የቀረበት ጥቅም ቀላል አልነበረም። ቢሆንም በሽታው በየመንደሩ ከሚበተን ሥርጭቱ መቋረጡ ይሻል ነበር።

የበሽታው ስም ከአይስላንድ ቋንቋ የመጣ ነው። ሜዲ ማለት የትንፋሽ መቸገር፣ ቪዝና ማለት ደግሞ መመንመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ካራኩል የተባለ ዝርያ ያላቸው 20 በጎች ከጀርመን ወደዚያች አገር ሲገቡ ጤነኞች ይመስሉ ነበር። በሽታው ከእነርሱ ወጥቶ በአገሬው መንጋ መዛመቱ የታወቀው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በሽታውን በደም የሚለይ አስተማማኝ ምርመራ ስላልነበረ፣ አይስላንዶች በሽታው የገባባቸውን ወረዳዎች መንጋ በሞላ እያረዱና ከንጹሕ አካባቢ በመጡ በጎች እየተኩ ሊያጠፉት ተገደዋል። የመጨረሻው በሽተኛ በግ የታየው በ1965 ነው። በጎቹ ሲገቡ የተወለዱ ሰዎች በሽታው ሲጠፋ ጎልማሶች ሆነው ነበር ማለት ነው።

በሽታው ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው። ተዋሲው በሰውነቷ የገባ በግ ለሁለትና ለሦስት ዓመት አንዳችም ምልክት ላታሳይ ትችላለች። ከዚያ በኋላ ሣሩን እየበላች ትከሳለች፤ መንጋው ዳገት ሲወጣ ወደኋላ ትቀራለች፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ አንዳንዷም ግቷ ይጠጥርና ወተት አይወጣትም። ትኩሳት ስለማይታይባት ብዙ ጊዜ “የሳንባ ትል ነው” ወይም “እርጅና ነው” ተብሎ ይታለፋል። ከእናት ወደ ግልገል በእንገርና በወተት፣ ከበግ ወደ በግ ደግሞ በተለይ በጠባብ ጋጣ ውስጥ በትንፋሽ ይተላለፋል። በደጋ ሌሊቱ ብርዳም ስለሆነ በጎች ተፋፍገው ማደራቸው ለተዋሲው የተመቸ ነው። የሚያድን መድኃኒትም ሆነ የሚከላከል ክትባት የለውም። ያለው ዘዴ መርምሮ መለየት ብቻ ነው።

በአሁኑ ወቅት በሰፊው የሚሠራበት ምርመራ ኤላይዛ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1971 በስዊድንና በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የወጣ ዘዴ ነው። አሠራሩ ለመረዳት አያዳግትም። ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ 96 ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ገበታ አለ። በየጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የበሽታው ተዋሲ ቅንጣት ተለጥፏል። ከበጉ ደም የተለየው ፈሳሽ፣ ሴረም የሚባለው፣ ሲጨመርበት በሽታው ነክቶት ከሆነ በደሙ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ከቅንጣቱ ጋር ይያያዛል። የተረፈው ይታጠባል። ቀጥሎ ኢንዛይም የተጣበቀበት ሌላ ፈሳሽ ይጨመራል፤ ባለሙያዎች ኮንጁጌት ይሉታል። ይህ ፈሳሽ የተያያዘ ፀረ እንግዳ አካል ካገኘ እዚያው ይቀራል፤ ካላገኘ በእጥበት ይሄዳል። በመጨረሻ ቀለም የሌለው ውሁድ ሲጨመር ኢንዛይሙ ያለበት ጉድጓድ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ አሲድ ሲነካው ቢጫ ይሆናል፤ መሣሪያም የቀለሙን ጥልቀት ይለካል። እንግዲህ ያ ቢጫ ቀለም የኢንዛይሙ ሥራ ነው። በብዛት የሚያገለግለው ኢንዛይም ፐርኦክሲዴዝ ሲባል፣ የሚወጣውም ሆርስራዲሽ ከተባለ ተክል ሥር ነው።

ኢንዛይም ምን እንደሆነ የመንዝ ጠላ ጠማቂ ስሙን ሳትሰማ በሥራው ታውቀዋለች። ገብስ ሲበቅል በውስጡ የሚበዛው፣ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ነገር ኢንዛይም ነው። በደንብ ደርቆ የተቀመጠ ብቅል ለወራት ሥራውን ይጠብቃል። ተፈጭቶ ውሃ ከነካው ግን ሥራው ያን ጊዜውኑ ስለሚጀምር ጠማቂዋ ለከርሞ ልተወው አትልም። ብቅሉ እንደ አሻሮ በእሳት ቢቆላ ደግሞ ለጠላው መልክ ይሰጥ ይሆናል እንጂ የብቅልነቱን ሥራ አይሠራም፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ጨርሶታል። የላቦራቶሪውም ኢንዛይም ባሕርይ ይኸው ነው። ደረቁ ዱቄት ይበረክታል፤ በውሃ የተበጠበጠው ግን በእንክብካቤ ካልተያዘ ቶሎ ይደክማል።

ኮንጁጌቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። “ቀዝቃዛ ከሆነ በረዶ ቢሆን ይበልጥ ይሻላል” የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ፈሳሹ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ፣ ቀልጦም እንደገና በረዶ ሲሆን የኢንዛይሙ ቅርጽ ይፈርሳል። ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ማቆየት የሚፈልጉ ላቦራቶሪዎች ግማሹ ግሊሰሪን የሆነ ፈሳሽ የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ግሊሰሪኑ በረዶ እንዳይሠራ ያግደዋል። ሌላው ብልሃት ፈሳሹን ሲመጣ በትናንሽ ብልቃጦች መከፋፈል ነው። እንዲህ ሲደረግ በየዕለቱ የሚከፈተው አንዱ ብቻ ይሆንና ሌሎቹ ሳይነኩ ይቆያሉ።

ከሁሉ ይበልጥ ጥፋት የሚደርሰው ግን በማቅጠን ላይ ነው። የወፈረው ኮንጁጌት ለወራት ሲቆይ፣ ለሥራ የቀጠነው በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ይዳከማል። የቀጠነ ኢንዛይም በዕቃው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ያልቃል። ለዚህም አልቡሚን ወይም የወተት ዱቄትን የመሰለ ሌላ ፕሮቲን ይጨመርበታል፤ ግድግዳውን እርሱ ይይዝና ኢንዛይሙ በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ይህም ቢሆን ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አቅጥኖ የተረፈውን መድፋት ይገባል። የተረፈውን ለነገ ማቆየት ቁጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን የአንድ መንደር በጎች ውጤት በሞላ ሊበላሽበት ይችላል። ሶዲየም አዛይድ የተባለው፣ ሌሎች ፈሳሾችን ከሻጋታና ከባክቴሪያ የሚጠብቀው ኬሚካል ደግሞ ፐርኦክሲዴዝን ሥራውን ያስቆመዋል። የተሳሳተ ማቆያ ከጨመሩ ማቀዝቀዣው አያድነውም ማለት ነው። ቀለም የሚያወጣው ውሁድም ብርሃን ስለሚጎዳው በጨለማ መቀመጥ አለበት።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ማቀዝቀዣው ራሱ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ባዶውን ቦታ ውሃ በሞሉ ጠርሙሶች መሙላት ቅዝቃዜውን ያቆያል። መብራት ሲጠፋ በሩን አለመክፈት፣ ብልቃጦቹንም ሙቀቱ በሚለዋወጥበት በበሩ መደርደሪያ ላይ አለማስቀመጥ የማንም አቅም የሚችለው ነው። ሙቀቱን በየቀኑ ጠዋትና ማታ በመዝገብ መጻፍ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል፤ ያልተጻፈ ሙቀት ያልታየ ሙቀት ነውና።

የማኅበር መሪዎች ላቦራቶሪ ገብተው ይህን ሁሉ ሊቆጣጠሩ አይችሉም። ሊጠይቁት የሚችሉት አንድ ነገር ግን አለ። በእያንዳንዱ ገበታ ላይ ከገበሬው በጎች ሴረም ጋር፣ በሽታው እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀ ሴረምና ነፃ መሆኑ የታወቀ ሴረም አብረው ይመረመራሉ። በሽተኛ መሆኑ የታወቀው ጉድጓድ እንደሚገባው ቢጫ ካልሆነ ኢንዛይሙ ደክሟል ማለት ነው፤ ነፃ የሆነው ቢጫ ከሆነ ደግሞ እጥበቱ ወይም ሌላ ነገር ተበላሽቷል። በሁለቱም መንገድ የዚያ ገበታ ውጤት ተጥሎ ምርመራው መደገም አለበት። ውጤት ሲመጣ “መቆጣጠሪያዎቹ ትክክል ነበሩ ወይ?” ብሎ መጠየቅ ባለሙያን መጠራጠር ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ጥሩ ባለሙያ ጥያቄውን ይወደዋል።

ደሙ ወደ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ያለው መንገድ ግን የማኅበሩ ድርሻ ነው። ከመሐል ሜዳ ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ ኮምቦልቻው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ የሚሄደውም ከደጋ ወደ ቆላማ አገር መውረድ አለበት። ከመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና በጀማ ሸለቆ ሲያልፍ ከብርዱ ወጥቶ እሳት ውስጥ የገባ ያህል ነው። “አገራችን ብርድ ነው፤ ደሙ ምን ይሆናል?” ማለት ስለዚህ አያዋጣም። ብርዱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሌሊት ውጭ ያደረ ደም በረዶ ይሆንና ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። ከእነርሱ የሚወጣው ቀይ ቀለም የፐርኦክሲዴዝን ሥራ በመጠኑ የሚመስል ሥራ ስለሚሠራ ምርመራውን ሊያደናግር ይችላል።

በጎቹ ለግጦሽ ሳይሰማሩ በጠዋት ቢሰበሰቡ ሥራው ይቀላል። ከአንገት ሥር የተቀዳው ደም ሳይናጥ፣ ከፀሐይ ተጠልሎ ለጥቂት ሰዓታት ይቆይና ሲረጋ ከላይ የሚያቀረው ንጹሕ ሴረም ወደ ሌላ ብልቃጥ ይገለበጣል። ሴረሙ ከተለየ በኋላ ከኢንዛይሙ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ በቅዝቃዜ ለቀናት ይቆያል፤ በረዶ ቢሆንም ያን ያህል አይጎዳም። ያልተለየ ደም ግን በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካ በጨርቅ ወይም በወረቀት መጠቅለል አለበት። የተነበበ ጋዜጣ ለዚህ ይበቃል። በብልቃጡ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በበጉ ጆሮ ላይ ካለው ቁጥር ጋር መመሳሰሉን ከመኪናው መነሣት በፊት አንድ ሰው በድምፅ እያነበበ፣ ሌላው እየተመለከተ ማረጋገጥ ይገባዋል።

በመንዝ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ገበሬዎች የራሳቸውን የመንዝ በግ አውራዎች በጋራ እየመረጡ በጋራ የሚያራቡበት የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ተጀምሯል። አውራው ከአንዱ ጋጣ ወደ ሌላው በቅብብሎሽ በሚሄድበት እንዲህ ባለ አሠራር የአንድ አውራ ውጤት የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለሆነም ከስድስት ወር በታች የሆነ ጠቦት ከእናቱ እንገር ያገኘው ፀረ እንግዳ አካል ገና በደሙ ሊኖር ስለሚችል ምርመራው ዕድሜው እስኪያልፍ መቆየት አለበት። በቅርቡ ተዋሲው የገባበት አውራ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል ለማፍራት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚፈጅበት፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ አውራ አንድ ጊዜ “ነፃ ነው” ቢባል እንኳ ከወራት በኋላ ደሙ እንደገና እስኪታይ ድረስ ለብቻው ታስሮ ለብቻው መመገብ ይኖርበታል።