ሜላቶኒን የእንቅልፍ ኪኒን ነውን?



በዒድ ሰሞን ከአሜሪካ ለጥየቃ የሚመጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከሻንጣቸው ከሚያወጡት ስጦታ መካከል ሜላቶኒን የሚባለው መድኃኒት አይጠፋም። «እንቅልፍ እምቢ ላለው ነው» ተብሎ ለእናት ወይም ለአባት ይሰጣል። ጎንደር ውስጥ «ሐላል ነው ወይ? መቼስ ነው የሚዋጠው?» ብለው የጠየቁን ጥቂት አይደሉም። ከፍርዱ በፊት ምንነቱን ማወቅ ይቀድማል።

ሜላቶኒን አላህ (ሱ.ወ.) በአካላችን ውስጥ ያኖረው ነው። በአንጎላችን መካከል ከአተር ፍሬ የምታንስ ዕጢ አለች፤ ሲጨልም ታመነጨዋለች፣ ብርሃን ሲመጣ ታቆማለች። አሮን ለርነር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከከብት ዕጢ ለይቶ ያወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ሜላቶኒን መትቶ የሚጥል ማደንዘዣ ሳይሆን «መሽቷል» ብሎ ለአካል የሚናገር ነው። ጥናቶች ሲደመሩ እንቅልፍ የሚወስድበትን ጊዜ በአማካይ የሚያሳጥረው ከ10 ደቂቃ ባነሰ ነው።

ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል። በ4 ሰዓት ለሚተኛ ሰው ዕጢዋ ሥራ የምትጀምረው ወደ 2 ሰዓት ገደማ ነው። የሚወስድም ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከግማሽ እስከ 3 ሚሊግራም ቢወስድ ይበቃዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ የሚውጥ ግን ለሱብሒ ደንዝዞ ይነሣል፤ የአካሉንም ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትታል። ከዋሽንግተን ለመጣው እንግዳ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሰዓታችን ከእነርሱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ስለሚቀድም፣ በጎንደር የመኝታ ሰዓት ለጥቂት ቀናት ቢወስደው በእርግጥ ይጠቅመዋል። በእኛ አስተያየት ኪኒኑ ከሁሉም በላይ የሚገባው ለባለቤቱ ለእንግዳው ነው።

በደባርቅና በዳባት ገጠር መብራት ያልደረሰበት ቤት ፀሐይ ስትጠልቅ ይጨልማል፤ ዕጢዋም ሥራዋን በጊዜ ትጀምራለች። ከተማ ያለነው ግን እስከ እኩለ ሌሊት በሞባይል ብርሃን ዓይናችንን እናበራለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ በኋላ ያለ ጉዳይ ወሬን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ከሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና ከ5 ሰዓት በኋላም ግማሹ ገደማ ከደም አይወጣም። ጫቱማ የባሰ ነው! ማታ ቅሞ ሜላቶኒን የሚውጥ ሰው በአንድ እጁ በሩን ከፍቶ በሌላው ይዘጋል። በረመዷንም ከተራዊሕ እስከ ሱሑር የጎደለውን የእንቅልፍ ሰዓት ኪኒን አይተካውም፤ የቀን ቀይሉላ ይሻላል።

ለእናት የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ የምትወስደውን መድኃኒት ይጠይቅ። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ለምትወስድ መድማትን ሊያስከትልባት ይችላል። ነፍሰ ጡርና የሚጥል በሽታ ያለበትም ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። በ2017 እ.ኤ.አ. በካናዳ 31 የሜላቶኒን ምርቶች ተመርምረው፣ በውስጣቸው የተገኘው መጠን በአንዳንዶቹ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ፣ በአንዳንዶቹም እስከ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ሆኗል። እንቅልፍ ማጣቱ ከወር ካለፈ፣ ወይም ኃይለኛ ማንኮራፋትና ጭንቀት ካለ፣ መሄድ ያለብን ወደ ሐኪም ነው።

ፍርዱን በተመለከተ፣ ሜላቶኒን አስካሪ አይደለም፤ ዛሬ የሚሸጠውም በአብዛኛው በፋብሪካ የሚቀመም ነው። ጥንቃቄ የሚሻው የእንክብሉ ሽፋን ነው፤ ጄላቲን ከሆነ ከዓሣማ ሊሠራ ይችላልና ጽሑፉ ይነበብ። ሽፋን የሌለው ደረቅ ኪኒን ይህ ጥርጣሬ የለበትም።