ያውቁ ኖሯል? መንገድ ሲዘጋ በሽታ ይቆማል?

ከደጀን ተገንጥሎ በብቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ እህል፣ ከብትና ሰው ሲያመላልስ ይውላል። ወረርሽኝ ሲመጣስ?

• በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መገባደጃ፣ በአማራ ክልል የመጀመሪያዎቹ የኮሮና ታማሚዎች ሲገኙ፣ የባሕር ዳር፣ የእንጅባራ፣ የቲሊሊና የአዲስ ቅዳም ነዋሪዎች ለ14 ቀን ከቤት እንዳይወጡ ታዘዙ። ብቸናና ሞጣ በትእዛዙ ውስጥ አልነበሩም፤ የመንገዳቸው ጫፍ ባሕር ዳር ግን ተዘጋ። 14 ቀን የተባለው ቫይረሱ የያዘው ሰው ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ የሚችልበት ጊዜ ስለሆነ ነው።

• መጋቢት 30 የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ወንበር እንዲጭን አስገደደ። መኪናው ይሄዳል፤ ጎን ለጎን መቀመጥ ግን ቀረ።

• ኬላ የሚያየው መኪና መንገዱን ነው። ሞጣ አቅራቢያ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን ከተቆረጠ በኋላ፣ የጎጃምና የጎንደር ሰው ወገቡን ታስሮ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ገበያና ዘመድ ያለው ሰው መሻገሪያ አያጣም።

• በ1858 ዓ.ም. ቆራጣ የሰፈረው የአፄ ቴዎድሮስ ጦር ኮሌራ ገባበት። ንጉሡ ሰፈሩን ነቅለው ወደ ቤጌምድር ደጋ ወጡ፤ በሽታው ግን ከሠራዊቱ ጋር አብሮ ተጓዘ። ታሞ መሸሽ በሽታን ማጓጓዝ ነው።

• በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በዚያው ሰሞን፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ መርከብ አላስገባም ያለችው የአሜሪካ ሳሞአ በዚሁ በሽታ አንድም ሰው አልሞተባትም። አንዲት መርከብ ያስገባችው ጎረቤቷ ምዕራብ ሳሞአ ከአምስት ሰው አንዱን ቀበረች።

• ደሴት ያልሆነ አገር እንዲህ አይቀናውም። በጥር 2012 ዓ.ም. የቻይናዋ ዉሃን ስትዘጋ፣ ወረርሽኙ በቀረው የቻይና ክፍል የዘገየው ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ እንደሆነ ተመራማሪዎች አስልተዋል። በሽታው ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

• በተፈጥሮ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ሶማሊያ መርካ ውስጥ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሁለት የታመሙ ሕፃናት ለጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ ጥቂት ደቂቃ አብሮ ተሳፈረ፤ በቃ፣ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ በሽታውን ያቆመው እሱን ለይቶ ማቆየት፣ ያገኛቸውን ሰዎች ፈልጎ መከተብ ነው።

• በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የተነሣው ካላዛር፣ መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ መስሎ ነበር። ከመተማና ከሁመራ እርሻ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ይታመናል። የጎጃም ወጣትም ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚያው ይወርዳል፤ እንጀራ ፍለጋ የሚሄድን ሰው ደግሞ ማን ያስቀረዋል? ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት ያልለቀቀው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ «የት ከርመህ መጣህ?» ሳይባል በፊት ራሱ ይናገር። ኬላ ቢበዛ ቀናት ይገዛል፤ በሽተኛውን ቶሎ የሚያስገኘው ግን የከረመበትን ራሱ መናገሩ ነው።