የሌሊቱ ጨለማ ልክ

በሕይወት የመትረፍ ጌሞች አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው። ተጫዋቹ ባዶ እጁን በማያውቀው አገር ይጀምራል፤ እንጨት ይለቅማል፣ ምግብ ይፈልጋል፣ መጠለያ ይቀልሳል። ከዚያ ይመሻል። ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው አንዱን ዓለም አብረው ሲጫወቱ አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ ሌሊቱ ምን ያህል ይጨልም?

መልሱ ከጌም ጌም ይለያያል። ማይንክራፍት ብርሃንን ከ0 እስከ 15 ይለካዋል፤ የቀኑ ፀሐይ 15፣ ችቦ 14፣ የሌሊቱ ሜዳ 4 ነው። ዶንት ስታርቭ ቱጌዘር ግን ጨካኝ ነው፤ መብራት የሌለውን ተጫዋች ጨለማው ራሱ ያጠቃዋል። ጨረቃ በሞላችበት ሌሊት ብቻ ይምረዋል። በዴይዚ ደግሞ ሌሊቱ ፈካ ይበል ወይስ ይጨልም የሚለውን የሚወስነው የሰርቨሩ ባለቤት ነው።

ብቻውን ለሚጫወት ሰው ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው። ብዙዎች ሲሆኑ ግን ፍትሕ ይገባበታል። አንዱ የስክሪኑን ጋማ ከፍ ካደረገ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይለወጥለታል፤ ቁጥቋጦ ሥር ያደፈጠውን ሰው ያየዋል። ሕጉን ጠብቆ የሚጫወተው ግን ምንም አያይም። አንዳንድ ሠሪዎች ይህን ፈርተው ሌሊቱን እንደ ማለዳ ያፈኩታል። ያኔ ችቦም ፋኖስም ትርጉም ያጣል፣ መጠለያ መሥራትም ከንቱ ድካም ይሆናል። እኔ ይህን መፍትሔ አልቀበልም። ልኩ ከእውነተኛው ሌሊት መወሰድ አለበት ባይ ነኝ፤ ለዚህ ደግሞ ከደቡብ ጎንደር ደጋ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ክምር ድንጋይና ጋሳይ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የወጣ ሰው፣ የከተማው መብራት ከኋላው ሲቀር ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰውን የጉና ተራራ ያገኛል። እዚያ ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ካለ ድፍን ጥቁር አይደለም። ከዋክብቱ የሉክስ 1 ሺሕኛ ያህል ብርሃን ይሰጣሉ። ቀለም ይጠፋል፤ ቅርጽ ግን ይቀራል። በሰማዩ ጠርዝ ላይ የቆመው የጅብራ ተክል ሰው ይመስላል፤ ሰው መሆን አለመሆኑን ለመለየት መጠጋት ያስፈልጋል። ጨረቃ ስትሞላ ብርሃኑ ከመቶ ጊዜ በላይ ይጨምራል፤ መንገደኛም ያለ ባትሪ ይሄዳል። የክረምት ደመና ሲጋርድ ደግሞ የራስን እጅ ማየትም ይቸግራል። አንዱ አገር ሦስት ዓይነት ሌሊት አለው ማለት ነው።

ሌላው ጉዳይ ዓይን ነው። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚህ ኬክሮስ ማታው ፈጥኖ ይጨልማል፤ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ሌሊት ነው። ድንግዝግዙ ለዓይን የሚበቃውን ያህል ጊዜ ይሰጣል። የማይንክራፍት ሙሉ ቀንና ሌሊት ግን 20 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ማታው ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልፋል። ተጫዋቹም ብዙ ጊዜ አምፖል በበራበት ክፍል ነው ያለው፤ ዓይኑ ጨለማውን ለመልመድ ዕድል የለውም። ስለዚህ ጌሙ ራሱ የዓይንን ሥራ መሥራት አለበት፦ መጀመሪያ አጨልሞ፣ ቀስ በቀስ ቅርጽን ማሳየት፤ ተጫዋቹ ችቦ ለኩሶ ሲያጠፋም ለጥቂት ጊዜ መልሶ ማሳወር።

ችቦው ራሱ የነገሩ ልብ ነው። ነሐሴ 12 ማምሻውን፣ በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ፣ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ቤተሰቡ ችቦ ይለኩሳል። በትውፊቱ በታቦር ተራራ ብርሃን በተገለጠ ጊዜ እረኞች ቀን መስሏቸው በመስክ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው። የፈላጊው ችቦ ለጠፋው ልጅም ከሩቅ ይታያል። ጌም ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ያበራ ሰው ሃያ እርምጃ ያያል፣ እሱ ግን ከኮረብታው ማዶ ይታያል። ወዳጅም ይመጣበታል፣ ጠላትም። ሌሊቱ በበቂ ካልጨለመ ይህ ምርጫ አይኖርም። ጋማን ለማክሸፍም ሰርቨሩ በጨለማ የተሸሸገውን ሰው ቦታ ለሌላው ኮምፒውተር ጭራሽ ባይልክ ይሻላል፤ ያልተላከውን ማንም ማፍካት አይችልም።

ጌም ለመሥራት ለምትነሱ ወጣቶች የምለው ይህ ነው፦ ጨለማውን በአንድ ልክ አትቁረጡት፤ ለጨረቃ ተዉላት። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የጨረቃን ሌሊት ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ የእናንተም ሰርቨር ይቁጠር። በሙሉ ጨረቃ ሰው ይጓዝ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ደጁን ዘግቶ ይደር። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ስልካችሁን አጥፍታችሁ ከከተማ ወጣ በሉና ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ እዩ።